ከአንድ አይሱዙ ፍልጥ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ስንቱ ነው?

ለሰርግ ወይም ለተዝካር እንጨት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን አያይም። የሚገዛው በመኪና ነው። ደላላው «ሙሉ አይሱዙ ነው» ይላል፤ ገዢው መኪናውን አንዴ ይዞረዋል፣ ከስፖንዳው በላይ የተከመረውን በዓይኑ ይለካል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ ይከፍላል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሚዛኑን አፍጥጠን የምናይ ሰዎች ለዚህ ሁሉ ብር ዓይናችንን ማመናችን ይገርመኛል።

እስቲ እንቁጠረው። መኪናው 50 ኩንታል የሚጭን ይሁን፤ የጫነውም ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ ቀጭን ባህር ዛፍ በእርጥቡ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ መኪናው ላይ ያለው 125 ዛፍ ነው። ገበሬው አንድ አንድ ሜትር እያራራቀ ተክሎት ከነበረ 125 ካሬ ሜትር መሬት ተመንጥሯል ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቤት የሚሠራበት ቦታ ያህል። ያ ቦታ ለዚህ የበቃው አምስት ስድስት ክረምት ጠብቆ ነው። ደግነቱ የባህር ዛፍ ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ይህንኑ ጭነት ከእንጦጦ በጀርባቸው ለሚያወርዱት ሴቶች እናካፍለው። አንዷ 35 ኪሎ ትሸከማለች ብንል 143 ሸክም ይወጣዋል። ብዙዎቹ ከዚያም በላይ ይሸከማሉ።

አሁን ወደ ገዢው ኪስ እንምጣ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከ50 ኩንታሉ 25ቱ ውሃ ከሆነ 2,500 ሊትር መሆኑ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 125 ጀሪካን ይሞላል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ጀሪካን! እንጨቱን እንደመጣ እሳት ውስጥ የከተተ ሰው ይህን ሁሉ ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ለዚያ ብቻ ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ደረቅ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ይባክናል። ጓዳውን የሚሞላው ጭስና የምናፈሰው እንባ ሳይቆጠር ነው ይህ። ፀሐይ የዚያን ሥራ አብዛኛውን በነፃ ትሠራዋለች፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ሙሉ የነበረው እንጨት 31 ኩንታል ገደማ ይመዝናል።

ከ31ዱም ቢሆን ድስቱ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ምግቡን የሚያበስለው ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የምታበስለውን ሴት ፊት ያሞቃል። በእንጨት ቋንቋ ካሰብነው፣ በ50 ኩንታል የጀመርነው ጭነት የበሰለ ምግብ ጋ ሲደርስ ከሦስት እስከ አራት ኩንታል ተኩል ሆነ ማለት ነው።

ያም ሆኖ አንድ አይሱዙ ቀላል አይደለም። በጉልቻ ላይ ምጣድ አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይፈጃል። ሦስት እንጀራ አንድ ኪሎ ቢመዝን፣ የደረቀው ጭነት ከ9,000 በላይ እንጀራ ያወጣል። «ምርጥ» በሚባለው ዙሪያው ዝግ በሆነ ምድጃ ላይ ደግሞ እንጨቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ወደ 18,000 ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ ስሌት እኔን ያስደነቀኝ ይህኛው ነው፤ ምድጃ በመቀየር ብቻ ሌላ አንድ መኪና ፍልጥ ይገኛል።

ከአንድ ጓሮ ወጥተን አገሩን እንየው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከአገሪቱ የኃይል ፍጆታ አብዛኛው ዛሬም ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከገለባ ይመጣል። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እንጨት ብቻ ያነዳል ብለን በጣም ዝቅ አድርገን ብንገምት እንኳ ለ100 ሚሊዮን ሰው በየቀኑ 20,000 አይሱዙ ያስፈልጋል። መኪኖቹ አፍንጫና ጭራ ገጥመው ቢሰለፉ ሰልፉ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ነገም ሌላ ሰልፍ። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ስላለቀባት አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንዳትነሳ ከረዷት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው።

የክምሩ ቁመት ነገር አንድ ቃል ይፈልጋል። 50 ኩንታል እርጥብ ባህር ዛፍ በደንብ ከተደረደረ ቦታ የሚይዘው ስምንት ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ወለሉ ዘጠኝ ካሬ ሜትር በሆነ መኪና ላይ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተራራ አክሎ የሚታየው እርጥብ ጭነት ወይ መሐሉ ባዶ ነው፣ ወይ መኪናው ከአቅሙ በላይ ጭኗል።

ጥር ላይ ሰርግ ያለባችሁ ሰዎች እንግዲህ እንጨቱን ጥቅምት ላይ ግዙ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከከፈላችሁ በኋላም ቶሎ አስፈልጡትና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ደርድሩት። ጫፉ ካልተሰነጣጠቀ ገና አልደረቀም።