ያረጀው ፊልሙ ነው ወይስ ቅጂው?

ጀርመናዊው ዳይሬክተር ፍሬድሪሽ ሙርናው በ1922 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሠራው «ኖስፌራቱ» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ግራ የሚያጋባ ትዕይንት አለ። የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ደም መጣጩ ካውንት ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በጠራራ ፀሐይ የከተማውን ጎዳና ያቋርጣል። በቆየ የቪዲዮ ካሴት ይህን ያየ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ግን የሙርናው አይደለም። በዚያ ዘመን በሌሊት መቅረጽ እጅግ አስቸጋሪ ስለነበር የሌሊቱ ትዕይንት በቀን ይቀረጽና ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ቀለም ይነከር ነበር፤ ሰማያዊው ሌሊት መሆኑን፣ ሮዙ ንጋት መሆኑን ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቃል። ኋላ ላይ ፊልሙ ያለቀለም ሲባዛ ሌሊቱ ቀን ሆኖ ቀረ። ጥንታዊዎቹ ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልሞች ዛሬ አያስፈሩም የሚለው ፍርድም ብዙውን ጊዜ የተሰጠው እንዲህ ባለ የተጎዳ ቅጂ ላይ ነው። እነዚህን ፊልሞች ቤት ድረስ ያመጣው ቪዲዮ በመጀመሪያ ጉዳቱን አባባሰው፤ በኋላ ደግሞ ዋነኛው መጠገኛ ሆነ።

ጉዳቱ ለምን እንደከፋ ለመረዳት ጥቁርና ነጭ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በባለቀለም ፊልም ቀይ ቀሚስ ከአረንጓዴ ግድግዳ በቀለሙ ይለያል፤ በጥቁርና ነጭ ግን አንዱን ነገር ከሌላው የሚለየው የግራጫው ደረጃ ብቻ ነው። ዣክ ተርነር በ1942 የሠራው «ካት ፒፕል» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንዲት ሴት በምሽት ብቻዋን በቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ናት። ከውኃው የሚንጸባረቀው ብርሃን ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ይርገበገባል፤ የአውሬ ማጉረምረም ይሰማል፤ አውሬው ግን በግልጽ አይታይም። ፍርሃቱ ያለው ዓይን በጥላው ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈልግና ያገኘ ሲመስለው ነው። ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ በመጣ ቅጂ ግን ያ ሁሉ ጥላ አንድ ወጥ ጥቁር ስለሚሆን ዓይን የሚፈልግበት ቦታ ያጣል፤ ተመልካቹም ምንም አልተፈጠረም ብሎ ይደመድማል።

ጥቁርና ነጭ ከቴክኒክ ድህነት የመጣ ግዴታ ብቻ ነበር የሚሉም አሉ። የሩበን ማሙሊያን «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ» (1931) ይህን ያፈርሳል። ፍሬድሪክ ማርች ኦስካር ባገኘበት በዚህ ፊልም የተከበረው ሐኪም ካሜራው ፊቱ ላይ እንደተተከለ፣ ምስሉ ሳይቆረጥ መለወጥ ይጀምራል። ምስጢሩ ሜካፑና ፊልተሩ ናቸው። ተዋናዩ አስቀድሞ ቀይ ሜካፕ ይቀባል፤ ሌንሱ ፊት ቀይ ፊልተር እስካለ ድረስ ቀለሙ ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል። ፊልተሩ ቀስ እያለ በሌላ ቀለም ሲተካ ያው ሜካፕ እየጠቆረ ይወጣና ፊቱ ዓይናችን እያየ ይከፋል። በባለቀለም ፊልም ቢሞከር ኖሮ ዘዴው ወዲያው ይጋለጥ ነበር።

የቅጂው ዕጣ አንዳንዴ የሚወሰነው በካሜራ ሳይሆን በሕግ ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በፒትስበርግ አካባቢ በአነስተኛ ገንዘብ የሠራው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በ1968 ለእይታ ሲቀርብ አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ለወጠ። የቅጂ መብት ማስታወቂያው የተጻፈው ከቀድሞው ስም ጋር ስለነበር አዲሱ ስም ሲገባ አብሮ ወጣ። የዚያ ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማስታወቂያውን በግድ ይጠይቅ ስለነበር ፊልሙ የሕዝብ ንብረት ሆነ። የቪዲዮ ዘመን ሲመጣ ማንም ያገኘውን ቅጂ እያባዛ ሸጠው። ብዙ ሰው ይህን ፊልም የሚያውቀው ጭጋግ የለበሰና ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ሆኖ ነው። በ2016 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና ፊልም ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከዋናው ኔጋቲቭ ያደሱት ቅጂ ይፋ ሲሆን ግን የተለየ ፊልም ታየ፤ መብራቱ የታሰበበት፣ ጥላው የተለካ። ርካሽ የሚመስለው ፊልሙ ሳይሆን ብዜቱ ነበር።

ሳንሱርም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በጄምስ ዌል «ፍራንከንስታይን» (1931) ቦሪስ ካርሎፍ የሚጫወተው ፍጡር ሐይቅ ዳር ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ ውኃ ላይ እየጣለ ሲንሳፈፍ ያያል። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ሳንሱር ይህን አስቆረጠ፤ የቀረው ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋና በኋላ አባት የልጁን ሬሳ ተሸክሞ ሲመጣ ብቻ ነው። መቀሱ ጭካኔ ለመቀነስ ታስቦ ከዚያ የባሰ ነገር እንድንጠረጥር አደረገን፤ ምን እንደሚያደርግ የማያውቀውንም ፍጡር ክፉ ወንጀለኛ አስመሰለው። የተቆረጠው ክፍል በ1980ዎቹ ከተመለሰ ወዲህ በቪዲዮና በዲስክ ፊልሙን የሚያየው ሰው ለፍጡሩ ያለው ስሜት ሌላ ነው።

እድሳቱ ራሱ ከልክ ያልፋል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች የፊልሙን የተፈጥሮ ቅንጣት በኮምፒውተር ጠራርገው የተዋናዮቹን ፊት ሰም ያስመስሉታል፤ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በ1980ዎቹ ቀለም የቀቡትም ነበሩ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እድሳትን ሳይሆን መጥፎ እድሳትን የሚከስ ክርክር ነው። ሌላው ወገን ፍርሃት የሲኒማ ቤት ነው፣ ጨለማና ሕዝብ ይፈልጋል ይላል። እዚህም ጥቂት እውነት አለ። ይሁንና በ1957 ስክሪን ጄምስ የተባለው ኩባንያ 52 የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሞችን በአንድ ጥቅል ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲያከፋፍል አንድ ሙሉ ትውልድ ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን የተዋወቀው ሳሎኑ ውስጥ፣ በትንሽ ስክሪን፣ በማስታወቂያ እየተቋረጠ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ዝና ከቤት የተለየ ነው ማለት አይቻልም። ደምና ድንገተኛ ጩኸት የለመደ የዛሬ ተመልካች ደግሞ አይደነግጥም ቢባል ልክ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ለድንጋጤ ሳይሆን ለሥጋት የተሠሩ ናቸው፤ ሥጋት ደግሞ ዝርዝር የሚታይበት ምስል ይፈልጋል።

ስለዚህ ዲስክ ከመግዛት ወይም ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ከመክፈት በፊት ጥቂት ነገሮችን ማጣራት ይበጃል። ቅጂው ከዋናው ኔጋቲቭ ነው ወይስ ከቆየ ብዜት? ድምፅ አልባ ከሆነ የቀለም ንክሩ ተመልሷል? ፍጥነቱስ? በሴኮንድ 18 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም በ24 ሲታይ የአንድ ሰዓቱ በ45 ደቂቃ ያልቃል፤ አስፈሪው አካሄድ ሩጫ ይሆንና ያስቃል። የፊልሙ ርዝመት ከተሟላው ቅጂ ካነሰም የተቆረጠ ነገር መኖሩን መጠርጠር ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ያልፈራ ሰው ፊልሙን የመንቀፍ ሙሉ መብት አለው።