ከጓሳ ሣር እስከ ቀይ ቀበሮ፦ የተፈጥሮን ትስስር ለልጆቻችን በአማርኛ



ልጆቻችን በሚኖሩበት አገር «ኢኮሲስተም» የሚለውን ቃል ገና በአንደኛ ደረጃ ይማሩታል። ጥንቸል ሣር ትበላለች፣ ጥንቸሏን ደግሞ ቀበሮ ይበላታል፤ በመካከላቸው ቀስት ስለው ወረቀቱን ቤት ይዘው ይመጣሉ። በተማሩበት ቋንቋ ጥሩ አድርገው ያስረዱናል። «እስቲ በአማርኛ ንገረኝ» ስንላቸው ግን «ሣር ይበላል...» ብለው ይቆማሉ። ነገሩን ያውቁታል፣ ቃሉን የሰጣቸው ሰው ግን የለም። አማርኛ «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ» የሚባልበት ቋንቋ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ልጁ እያደገ በሄደ ቁጥር የሚያስብበት ቋንቋና ከእኛ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ስለዚህ በዚህ እትም አንድ የአገራችንን ቦታ ይዘን የሥነ ምህዳርን መሠረታዊ ሐሳቦች እናያለን። ለልጆች እንዲነገር አድርገን ስላቀረብነው እራት ላይ ወይም መኪና ውስጥ ልትተርኩላቸው ትችላላችሁ።

ቦታው፦ የመንዝ ጓሳ

ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ስለሆነ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ስሙን ያገኘው ቦታውን ከሸፈነው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው። በሣሩ መካከል ጅብራ ቆሞ ይታያል፤ ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይደርቃል።

እንግዲህ ምህዳር ማለት ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ሣሩ፣ አይጡ፣ ቀበሮው፣ አፈሩ፣ ውኃው፣ ብርዱ፣ ፀሐዩም ጭምር፤ ሕይወት ያለውም የሌለውም። እነዚህ እንዴት ተሳስረው እንደሚኖሩ የሚያጠናው ትምህርት ደግሞ ሥነ ምህዳር ይባላል።

ማን ማንን ይበላል?

ከፀሐይ እንጀምር። ሣሩ የፀሐይን ብርሃን፣ ውኃና አየር ወስዶ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። ስለዚህ ዕፅዋት አምራቾች ይባላሉ። ሌላው ሁሉ ተመጋቢ ነው። አይጥና ፍልፈል ሣሩንና ሥሩን ይበላሉ፤ ሣር በል ናቸው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጡን ይበላል፤ ሥጋ በል ነው። ፀሐይ፣ ሣር፣ አይጥ፣ ቀበሮ፦ ይህ የምግብ ሰንሰለት ነው።

ግን ጓሳ ላይ ያለው ሰንሰለት አንድ ብቻ አይደለም። አይጡን ጭልፊትም ያድነዋል። ሣሩን በግም ይግጠዋል፣ ጭላዳም ይነጨዋል። መስመሮቹን ሁሉ ብንስላቸው ድር ይወጣቸዋል፤ «የምግብ ድር» የምንለውም ለዚህ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ለልጆቹ ለመንገር ይሄ ጥሩ አጋጣሚ ነው። አንዱ ክር ሲበጠስ ድሩ በሙሉ ይላላል።

ስለ ስሙ ልጆች መጠየቃቸው አይቀርም። እኛ «ቀይ ቀበሮ» የምንለውን እንስሳ የውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይሉታል። መልኩና የሚያድነው ነገር ቀበሮ ያስመስለዋል፤ ዘሩ ግን ለተኩላ ይቀርባል። ሁለቱም ስሞች የአንድ እንስሳ ናቸው፤ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

አይጡ ብዙ፣ ቀበሮው ጥቂት የሆነው ለምንድን ነው?

ልጆች የሚወዱት ጥያቄ ነው። በእንጀራ አስረዷቸው። ሣሩ ከፀሐይ ያገኘው ጉልበት 100 እንጀራ ነው እንበል። አይጡ ሣሩን ሲበላ አብዛኛውን ለመሮጥ፣ ለመተንፈስና ሰውነቱን ለማሞቅ ይጨርሰዋል። በሰውነቱ የሚቀረው 10 እንጀራ ያህል ነው። ቀበሮው አይጡን ሲበላ ደግሞ ከዚያ ውስጥ በእሱ ሰውነት የሚቀረው አንድ እንጀራ ገደማ ይሆናል። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፈው ጉልበት በአማካይ ከአሥር አንድ እጅ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀበሮ ለመኖር ብዙ አይጥ፣ ብዙ አይጥም እጅግ ብዙ ሣር የሚያስፈልጋቸው። ሣሩ ሲቀንስ ከላይ ያለውም ይጎዳል።

የሞተውስ የት ይሄዳል?

ጓሳ ላይ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። እንስሳ ሲሞት ጥንብ አንሳ አሞራና ቁራ ይመጣሉ። የተረፈውን፣ የደረቀውን ሣርና እበቱንም ጭምር፣ ትሎች፣ ፈንገስና በዓይን የማይታዩ ተዋሕስያን ያበሰብሱታል። አብስባሾች እንላቸዋለን። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የሞተው ሁሉ ተከምሮ ይቀር ነበር፤ አፈሩም ምግብ ያጣ ነበር። ፍልፈልም ጉድጓዱን ሲቆፍር አፈሩን ያገላብጠዋል።

ብርድ ባለበት መበስበስ ይዘገያል። በዚህ ምክንያት የደጋው አፈር ብዙ ብስባሽ ስለሚይዝ እንደ ስፖንጅ የክረምቱን ውኃ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከጓሳ የሚነሱ ወንዞች ገሚሶቹ ወደ ዓባይ፣ ገሚሶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሣሩ ቢጠፋ ጉዳቱ የሚደርሰው መንዝ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ጭላዳና ቀበሮ ጎን ለጎን

ጭላዳም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ በዋናነት ሣር እየበላ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ ይውላል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ረጋ ብሎ ሲመላለስ ይታያል። ግልገሎቹን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ። ምክንያቱ ምናልባት ጭላዳዎቹ አይጦቹን ከጉድጓድ ስለሚያስወጡለት፣ ወይም አይጦቹ በመንጋው መካከል ስለማያዩት ይሆናል። በምህዳር ውስጥ ያለው ግንኙነት መብላትና መበላት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሰውም አለበት

የብዙ ልጆች ሥዕል ላይ ሰው የለም። ጓሳ ላይ ግን ሰው ከድሩ አንዱ ክር ነው። የመንዝ ገበሬ በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ የሚለበሰውን ገሳ ይሠራል። ሁሉም በፈለገው ጊዜ ቢያጭድ ኖሮ ሣሩ ድሮ ባለቀ ነበር። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት «ቀሮ» የተባለ ሥርዓት ግን ጠበቀው። ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድበትም፣ ከብትም አያሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች መክረው በበጋ ይከፍቱታል። ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ቦታውን ጨርሶ አልተወውም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ ደንብ አወጣ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ስጋቱ ግን አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ተራሮች ውስጥ ናቸው። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኖሪያቸው ይጠባል። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ ብዙዎቹን ገድሏል። ስለዚህ የመንደሩን ውሾች መከተብ ቀበሮውን ማዳን ነው። ልጆችን «ውሻ ሲከተብ ቀበሮ የሚተርፈው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ትስስሩ ገብቷቸው እንደሆነ ከመልሳቸው ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥ እንሞክረው

* ትንንሾቹ፦ ፀሐይ፣ ሣር፣ አይጥ፣ ጭላዳና ቀበሮ በየወረቀቱ ይሳሉ። ከዚያ በክር ያገናኙ፣ እያገናኙም «ቀበሮው አይጡን ይበላል» እያሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። «አይጡን» ላይ ያለችው «ን» እንዳትረሳ አደራ።
* ማንበብ የጀመሩት፦ «አይጡ ይበላል» ብላችሁ ጻፉላቸው። ላልቶ ሲነበብ አይጡ በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የሚበላው ራሱ ነው። ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት! በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ሁለቱም እውነት ናቸው። ለሣሩና ለቀበሮውም የትኛው ንባብ እንደሚሠራ ይንገሯችሁ።
* ትልልቆቹ፦ በምትኖሩበት ከተማ ያለ አንድ መናፈሻ፣ ባሕር ዳርቻ ወይም የበረሃ ዳር ይምረጡና አምራቹን፣ ተመጋቢውንና አብስባሹን በአማርኛ ይለዩ። የእንስሳውን የአማርኛ ስም ካጣችሁት «ትንሽ፣ ግራጫ፣ ዛፍ ላይ የሚሮጥ» እያላችሁ ግለጹት። መግለጽም ቋንቋ መማር ነው።

አያት ወይም አጎት አገር ቤት ካሉ ደግሞ ስልክ ደውሉላቸው። ልጁ «በልጅነትዎ በአካባቢዎ ምን እንስሳ ነበር? አሁንስ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚሰማውን ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይጻፍና በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ክፍል ይዞ ይምጣ። መምህራኑ ሁሉንም ሰብስበው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል።