ጥሬ ቡና ለእንቅልፍ እጦት

አጋሮም ሆነ ሊሙ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ላደረ ሰው ቡና ጠጣበት ብሎ የሚመክር የለም። አውሮፓ ውስጥ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንዲህ የሚል የሕክምና ዘዴ አለ፤ ሆሚዮፓቲ ይባላል። ሐሳብ ሲተራመስበት እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ኮፌያ ክሩዳ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከጥሬ ቡና ነው። ዘሩ ጅማ ዙሪያ ጫካ ውስጥ ከሚበቅለው ከአረቢካው ጋር አንድ ነው።

ዘዴውን የቀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን (1755–1843 እ.ኤ.አ.) ነው። ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ያንኑ የመሰለ ሕመም ያለበትን ሰው ይፈውሳል ብሎ ያምን ነበር። ቡና እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ በጣም ቀጥኖ ሲሰጥ እንቅልፍ ይመልሳል ማለት ነው። ጥሬው ቡና በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል። ከዚያ አንድ እጅ ተወስዶ ከዘጠና ዘጠኝ እጅ አልኮል ጋር ይቀላቀልና በኃይል ይናጣል፤ ሃነማን ጠርሙሱን በቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ ላይ መምታትን ይመክር ነበር። ከድብልቁ እንደገና አንድ እጅ ለዘጠና ዘጠኝ፣ እንዲህ እየተባለ ብዙ ጊዜ እስከ ሠላሳ ዙር ይኬዳል። አሥራ ሁለተኛው ዙር ካለፈ በኋላ ግን አንዲት የቡና ሞለኪውል እንኳ የመገኘቷ ዕድል እጅግ የመነመነ ነው። ፈሳሹ የሚንጠባጠበው በስኳር ክኒን ላይ ስለሆነ በሽተኛው የሚውጠው ስኳር ነው።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ሆሚዮፓቲ የተሠሩ ጥናቶችን መርምሮ ዘዴው ለየትኛውም ሕመም እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ሰዎች ግን ይወዱታል፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሰው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ሕልሙን፣ ፍርሃቱን፣ ሐዘኑን ይጠይቃል። ለተጨነቀ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የኛም ሐኪሞች ጊዜ ቢያገኙ ደስ ባለኝ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ለኮፌያ ክሩዳ የሚመረጠው በሽተኛ ሐሳቡ የሚሮጥ፣ ደስታው ከልክ ያለፈ፣ እንቅልፍ የሌለው ነው ይባላል። የአእምሮ ሐኪም ይህን ሲሰማ ማኒያ ይሆን ብሎ ይጠረጥራል፤ ማኒያ ደግሞ ቀን የማይሰጥ ሕመም ነው።

ጅማ ላይ ሕሙማን ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው መሆኑ በቁጥር ታይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል 384 የአእምሮ ሕሙማንን ጠይቆ ነበር። ከመካከላቸው 116ቱ አስቀድመው ወደ ሃይማኖት ፈዋሾች፣ 77ቱ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሄደዋል። ግማሽ ያህሉ ሕመማቸውን የመንፈስ ልክፍት ነው ብለዋል። ሆኖም 379ኙ በዘመናዊ ሕክምና መዳን እንደሚቻል ያምናሉ። እምነቱ ካለ ጠበሉንም ሆነ ዱዓውን ማስጣል አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች በአንድ የጠበል ስፍራ ተባብረው መሥራት ጀምረዋል፤ ተጠማቂው ጸሎቱን ሳይተው ክኒኑን ይወስዳል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞችም ሼሁ፣ ቄሱና ነርሷ እንዲህ ቢጠራሩ፣ እንቅልፍ ያጣው ልጅ ሆስፒታል የሚደርሰው ሕመሙ ሳይጠናበት ነው።