የማይዝግ ብሎን አለ ወይ?

ባሕር ላይ በሸራ ጀልባ የሚጓዝ አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራ አዞረ እንበል። ጀልባዋ ግን አልታዘዝ አለች። መሪው በእጁ ላይ እንዲሁ ይሽከረከራል። ጉዳዩ ሲታይ ከጣት የማይበልጥ አንድ ብሎን ዝጎ ተቆርጧል። በማዕበል መሃል መሪ የሌላት ጀልባ ምን እንደሚገጥማት መገመት አያቅተንም።

ታዲያ ባለ ጀልባው ለጥገናው ምን ዓይነት ብሎን ይግዛ? «ስቴንለስ ነዋ!» ማለታችን አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ስቴንለስ ዝገትን የሚቋቋም እንጂ ጨርሶ የማይዝግ ብረት አይደለም። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫርም አየር ካገኘ ራሱን ይጠግናል። የባሕር ጨው ግን ይበሳዋል። በየሱቁ የተለመደው 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 316 የሚባለው ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት ጨውን የበለጠ ይችላል። ሁለቱ በመልክ አይለዩም። ብሎኑ ራስ ላይ «ኤ2» የሚል ካለ ከ304 ወገን ነው፤ «ኤ4» ከሆነ ከ316 ወገን።

316ም ቢሆን ድካም አለው። ውሃ በጠጣ እንጨት ውስጥ ወይም አየር በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ሲቀመጥ ሽፋኑን መጠገን ያቅተዋል። ራሱ እያብለጨለጨ ወገቡ የተበላ ብሎን የሚገኘው ለዚህ ነው። እንዲህ ላለው ቦታ ሲሊከን ያለበት ነሐስ ይሻላል። ብራስ ግን አይሆንም፤ የባሕር ውሃ ዚንኩን ይወስድበትና የቀረው እንደ ስፖንጅ ይሆናል።

ሌላው ጣጣ የጎረቤት ነገር ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ አንደኛው ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለች መርከቡን ከታች በመዳብ ሸፍኖ በብረት ሚስማር መታት። በ1763 ሲታይ ሚስማሮቹ ተበልተዋል። የመዳቡ መጠቅለያ ወረቀት በመሃል የቀረባቸው ግን ደህና ነበሩ።

ዛሬም በብዙ ጀልባዎች የመሪውን ዘንግ ይዞ በካቦ የሚሳበው ክፍል አሉሚኒየም ነው። የስቴንለስ ብሎን በቀጥታ ከነካው አሉሚኒየሙን ያስበላዋል። የያኔውን የወረቀት ሥራ ዛሬ የፕላስቲክ ሮንዴላና የሚለይ ቅባት ይሠሩታል። ቅባት ለሌላም ይጠቅማል፤ የስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ በደረቁ ከጠበቀ ነክሶ ይቀራል። ናይሎን ያለበት ዳዶ ደግሞ አንዴ ከተፈታ በአዲስ መተካት አለበት፤ መሪ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣልና።

እንግዲህ «የማይዝግ ብሎን ስጠኝ» ማለት አይበቃም። የት ነው የሚገባው? አየር ያገኛል? ከምን ጋር ይነካካል? እነዚህን መጠየቅ ወደብ ላይ ሳሉ ነው፤ ባሕር መሃል ከተገባ በኋላ መልሱ አያድንም።