«ፊርማ ብቻ ናት»

ታናሽ ወንድሜ «ቡና ልጋብዝህ» ሲለኝ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። እሱ ቡና የሚጋብዝ ሰው አይደለም። ገና ስኒው ሳይቀርብ፣ «ጋሼ፣ ባንኩ ለቤት መግዣ ሊያበድረኝ ነው። ደመወዜ ብቻውን ስለማይበቃ ግን ዋስ አምጣ አሉኝ። ምንም የለውም፣ ፊርማ ብቻ ናት» አለኝ። ሒሳቡን የከፈልኩት ራሴ ነኝ።

ማታውኑ እናታችን ደወለች። «አንተ እያለህለት ሰው ደጅ ሊጠና ነው?» እንግዲህ እምቢ በል!

ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመግባት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚጠይቅ ባለቤቴም መፈረም ነበረባት። እሷ ውሉን መስመር በመስመር አነበበችው። «ይሄ "በአንድነትና በነጠላ" የሚለው ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያው የባንክ ቋንቋ ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር።

ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋ። አፍሮ ለማናችንም አልነገረንም። ያወቅሁት የሦስት ወር ውዝፍ እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ በስሜ ሲመጣ ነው። «እሱን ጠይቁት እንጂ!» ብዬ ባንክ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ በትሕትና ፊርማዬን አሳየችኝ።

ያን ጊዜ ነው ሕጉን ያገላበጥኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስን በሁለት ይከፍላል። ተራ ዋስ ከሆንክ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ያዙ» ብለህ መከራከር ትችላለህ። የአንድነት ዋስ ከሆንክ ግን በአንቀጽ 1933 መሠረት አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ አንተን መክሰስ ይችላል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ።

ውዝፉንና የቀጣዩን ወር ክፍያ ለልጃችን ትምህርት ካስቀመጥነው ላይ አውጥተን ከፈልን። ባለቤቴ «ነግሬህ ነበር» አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የከፈለ ዋስ ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው፤ ሕጉ ይላል። ግን የገዛ ወንድሜን ፍርድ ቤት ልጎትት?

ደግሞ ጊዜ አልነበረንም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሐራጁ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ተመልሶ እኛው ላይ ነው። ስለዚህ ወንድሜን አስቀምጬ፣ «ሳይሸጡብህ አንተ ሽጠው» አልኩት። አለቀሰ። ባንኩ አውቆት በደላላ ተሸጠ፤ ዕዳውም ተዘጋ። የእኔን ገንዘብ ዛሬም ጥቂት በጥቂት ይልክልኛል። ለበዓል ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ተጫዋች አይደለም፤ ዓይኔን ይሸሻል። ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ዋስ አትሁኑ አልልም። ባንክ የሚጠይቀውን ሁሉ ብቻውን የሚያሟላ ስንት ሰው አለ? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ስትፈርሙ ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ይሁን። ተራ ነው ወይስ የአንድነት? ጣሪያው ስንት ነው? ከፍተኛው መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና በአንቀጽ 1922 መሠረት አይጸናም። አንድ ክፍያ ሲዘል ወዲያው እንዲነገራችሁ ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሳችሁን፣ «እሱ ባይከፍል ስድስት ወር እከፍላለሁ ወይ?» በሉ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩት። ይቀየማል፤ ቅያሜው ግን በሽማግሌ ይታረቃል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቡና ልጋብዝህ አለኝ። «መጀመሪያ ውሉን አምጣና እናንብበው» አልኩት።