ተጨማሪ መረጃ፦ ደጋግሞ የሚከሽፍ አፕዴት
እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያወጣው ኬቢ5034441 የተባለ የደህንነት ማሻሻያ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን አለ። ስክሪኑ ላይ ይወጣ የነበረው በ0643 የሚያበቃ የስህተት ቁጥር ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም ነበር። «እንደገና ሞክር» የሚለውን መቶ ጊዜ ቢጫኑት ለውጥ አልነበረም።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር። የጠበበው ግን ሁላችንም የምናውቀው ሲ ድራይቭ ሳይሆን፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ ራሱን የሚጠግንበት ከዓይን የተሰወረ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነው። እዚያ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ፎቶና ፊልም ማጥፋት አይፈይድም ነበር፤ መፍትሔው ከሲ ድራይቭ ቀንሶ ድብቁን ፓርቲሽን ማስፋት ነበር። ይህን ከመሞከራችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ የተሳሳተ ፓርቲሽን መርጣችሁ ካጠፋችሁ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።