አንበጣ ከመንጋነቱ በፊት፦ ጥበቃው ከበረሃ የሚጀምረው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 «መኩኑ» የተሰኘው አውሎ ነፋስ ከዓረብ ባሕር ተነሥቶ በዓረብ ልሳነ ምድር ደቡባዊ ክፍል ላይ ከባድ ዝናብ አወረደ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር «ሉባን» የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ተከተለው። ዝናብ እምብዛም በማይጎበኘው የሩብ አልኻሊ በረሃ፣ በአሸዋ ክምሮች መካከል ውሃ ተኛ፤ ደረቁ ምድርም አረንጓዴ ለበሰ። የአሰሳ ቡድኖች በቀላሉ ሊደርሱበት በማይችሉት በዚያ ሥፍራ የበረሃ አንበጣ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ።

መዘዙ ከበረሃው ርቆ ተሰማ። በ2019 መጀመሪያ መንጋዎቹ ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኢራን ተሰራጩ። በየመን እንደገና ከተራቡ በኋላም ባሕሩን ተሻግረው ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገቡ። ወረርሽኙ በሁለቱ አገሮች በ25 ዓመታት፣ በኬንያ ደግሞ በ70 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ነበር። በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና በአጋሮቻቸው ተካሂዶ በሚያዝያ 2020 ይፋ የሆነው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ወደ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ማሳ መጎዳቱን፣ ከ350 ሺህ ቶን በላይ እህል መጥፋቱንና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ መዳረጋቸውን አመልክቷል። ከሰብሎች ሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ማሽላ ነው።

ጥፋቱ በዚህ ፍጥነት የሚያድግበት ምክንያት በነፍሳቱ የሕይወት ዑደት ውስጥ ይገኛል። ሴቷ አንበጣ ዕንቁላሏን የምትጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ዕንቁላሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ከአንድ ወር በላይ በምድር ላይ እየዘለለ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ዝናብና ለምለም ዕፅዋት ካገኘ በሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩ እስከ 20 እጥፍ፣ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር ደግሞ 8,000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ባለሙያዎች በሩብ አልኻሊ የደረሰውን የገመቱትም በዚሁ ስሌት ነው።

አንበጣ በቁጥር ብቻ አይለወጥም። በተለመደው ጊዜ ተበታትኖ በብቸኝነት የሚኖርና ጉዳቱ እምብዛም የማይታወቅ ነፍሳት ነው። ዕፅዋቱ እየደረቀ በጥቂት ሥፍራ ሲጨናነቅ ግን ጠባዩና ቀለሙ ተለውጦ በመንጋ መጓዝ ይጀምራል። ብቸኛውና መንጋው አንድ ዓይነት ነፍሳት መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1921 ያስረዳው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚበላውም 35 ሺህ ሰዎችን የሚመግብ ያህል ነው። ከነፋስ ጋር በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ገበሬው በማለዳ ያላየው መንጋ ከመምሸቱ በፊት ማሳው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ ውጤታማ የሚሆነው ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ ሲደረስበት ነው። የሳተላይት ምስሎች ዝናብ የጣለባቸውንና የለመለሙ ሥፍራዎችን ይጠቁማሉ። የአሰሳ ቡድኖች ወደ ሥፍራው በመኪና ተጉዘው የአንበጣውን ብዛት፣ ዕድሜና ቀለም ይመዘግባሉ፤ «ኢሎከስት 3» በተባለው መሣሪያም መረጃውን በሳተላይት ወደ አገራቸው ማዕከል ይልካሉ። ሮም የሚገኘው የፋኦ የበረሃ አንበጣ መረጃ አገልግሎት ከየአገሩ የሚመጣውን መረጃ አጠናቅሮ ትንበያ ያወጣል። በሳዑዲ ዓረቢያ የዕፅዋት ተባዮችንና የእንስሳት በሽታዎችን የሚከላከለው ብሔራዊ ማዕከል («ወቃእ») ይህን ሥራ ያከናውናል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የማዕከላዊው ቀጠና የበረሃ አንበጣ መከላከያ ኮሚሽን አባላት ናቸው።

ርጭቱም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ኬሚካሉ በአነስተኛ መጠንና በደቃቅ ጠብታ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ይረጫል። መንጋው ሌሊት ስለሚያርፍ የተመረጠው ጊዜ ማለዳ ነው። ኬሚካሉ ንብንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ስለሚገድል፣ ከንብ ቀፎና ከውሃ አጠገብ «ሜታራይዚየም» የተባለው ፈንገስ ይመረጣል። ፈንገሱ አንበጣን ለመግደል ቀናት ቢወስድም ንብንና መሰል ጠቃሚ ነፍሳትን አይጎዳም።

ይህ ሰንሰለት በአንድ ሥፍራ ሲበጠስ ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል። በየመን የነበረው ጦርነት አሰሳውንና ርጭቱን ማሰናከሉ ለ2019ኙ ወረርሽኝ መስፋፋት አንዱ ምክንያት ነበር። በገጠር እርሻዎች የሚሠሩና ግመልና በግ የሚጠብቁ ሰዎችም የዚህ ሰንሰለት አካል ናቸው፤ ከዝናብ በኋላ የበረሃውን ለውጥ ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። በቡድን የሚጓዝ ኩብኩባ ሲያጋጥማቸው ሥፍራውንና ቀኑን ለአሠሪያቸው ወይም በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የግብርና መሥሪያ ቤት ቢያሳውቁ፣ ለአሰሳ ቡድኖች የቀናት ጊዜ ያተርፋሉ። ከብቶችንም አዲስ ከተረጨ መሬት ማራቅ ይገባል። በአንዳንድ የዓረብ አገሮች አንበጣን ሰብስቦ የመብላት ልማድ ቢኖርም፣ በወረርሽኝ ጊዜ የተያዘው አንበጣ ኬሚካል የነካው ሊሆን ስለሚችል መብላትም ሆነ መግዛት አደገኛ ነው።

በሩብ አልኻሊ ዳርቻ በጊዜ የተነገረ አንድ ወሬ፣ ከባሕር ማዶ በሐረርጌ ገና ያልታጨደውን ማሽላ ሊያተርፍ ይችላል።